ብርሃን መጠነ ቁስ ከሌለው ስበት እንዴት ያጎብጠዋል?

ፀደይ_3፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው የስበት ሕግ ሁለት ነገሮች የሚሳሳቡት በመጠነ ቁሳቸው ልክ ነው ይላል። የአንዱ መጠነ ቁስ ዜሮ ከሆነ በዜሮ ተባዝቶ ውጤቱ ዜሮ ነው። ብርሃን ደግሞ መጠነ ቁስ የለውም ይባላል። ታዲያ ከሩቅ ኮከብ የመጣ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይጎብጣል የሚባለው እንዴት ሆኖ ነው? ዜሮን ምን ይስበዋል?

መልስ ፍለጋ ስገባ በየቦታው ያገኘሁት ያንኑ የተወጠረ ላስቲክ ነው። መሐሉ ላይ ከባድ ኳስ ተቀምጦ ላስቲኩን ያሰረጉደዋል፣ ትንንሾቹ ኳሶች ወደ ስርጉዱ ይንከባለላሉ። ይሄ ደግሞ ይብስ ግራ አጋባኝ። ኳሶቹ ወደ ስርጉዱ የሚንከባለሉት ከላስቲኩ በታች የሚስባቸው ስበት ስላለ አይደለም እንዴ? ስበትን በስበት ማስረዳት ሆነብኝ። መልሱ ቢረዝምም አነባለሁ።

ጀማሪው፦

እኔም አንድ ጊዜ ይሄንኑ ጠይቄ "ብርሃን ኢነርጂ አለው፤ ኢነርጂና መጠነ ቁስ ደግሞ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ይሳባል" ተብያለሁ። እውነት ለመናገር እዚያ ላይ አቆምኩ። እህቴ፣ ለአንቺ ይበቃሽ ይሆን?

መምህር_ዘ፦

ፀደይ፣ ያነሳሽው ሁለት ጥያቄ ነው። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ የላስቲኩን ነገር ተማሪ ራሱ ሲያነሳው ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የምገባው። ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ዜሮውን እንፍታው።

በኒውተን ሕግ መጠነ ቁስ ሁለት ቦታ ይገባል። አንዱ ነገሩ ምን ያህል እንደሚሳብ ይወስናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ምን ያህል አልነቃነቅ እንደሚል። አሥር እጥፍ የከበደ ነገር አሥር እጥፍ ይሳባል፣ አሥር እጥፍም ያስቸግራል። ሁለቱ ይጣፋሉና ሁሉም እኩል ይወድቃል። በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ ባንዴ ሲለቅ ሁለቱ እኩል አፈር የነኩት ለዚህ ነው። አወዳደቁ የወዳቂውን መጠነ ቁስ ከነጭራሹ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ዜሮ መሆኑ ብርሃኑን አያስመልጠውም።

ጀማሪው፣ የተሰጠህ መልስ ወደ እውነቱ ይጠጋል፤ ግን ቁጥሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያወጣው። በ1801 ዮሃን ፎን ዞልድነር የሚባል ጀርመናዊ ብርሃንን እንደ ማንኛውም ወዳቂ ነገር ቆጥሮ በፀሐይ ጠርዝ ሲያልፍ ስንት እንደሚታጠፍ አስልቶ ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንድን ዲግሪ 3,600 ቦታ ብትከፍሉት፣ የአንዷ ክፋይ 0.84 ያህል አገኘ፤ በዛሬው ልኬት ሲሰላ 0.87 ነው። አንስታይንም በ1911 በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው አካባቢ ደረሰ። ይህን በኦገስት 1914 የፀሐይ ግርዶሽ ለመለካት ፍሮይንድሊሽ በሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሚመራ የጀርመን ቡድን ወደ ክራይሚያ ተጓዘ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ሩሲያውያን ጀርመኖቹን ያዟቸው። ይህ ታሪክ ሁሌም ይገርመኛል፤ ያን ቀን በትክክል ለክተው ቢሆን ኖሮ አንስታይን ተሳስቷል የሚል ውጤት ይዘው ይመለሱ ነበር። አንስታይን በኖቬምበር 1915 ሙሉውን ቲዮሪ (አጠቃላይ አንጻራዊነት የሚባለውን) ጨርሶ እንደገና ሲያሰላ ቁጥሩ 1.75፣ ድፍን እጥፍ ሆነ። በሜይ 29 ቀን 1919 ግርዶሽ በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚሏ ሶብራል የነበሩት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የለኩት ወደዚህኛው ቁጥር ያደላ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው "ብርሃን ለምን ይሳባል" መሆኑ ቀርቶ "ሌላው ግማሽ ከየት መጣ" ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ደክሞኛል፤ ነገ እቀጥላለሁ።

ፀደይ_3፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ ይጣፋሉ ያሉት ነገር ብቻውን አንድ ሳምንት ያስተኛኛል። ነገን እጠብቃለሁ።

መምህር_ዘ፦

እነሆ ቀጠልኩ። ላስቲኩን ለጊዜው ጣሉት። ጥፋቱ ስበትን በስበት ማስረዳቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያሳየው የቦታን መጉበጥ ብቻ ነው። እኛ የምንወድቀው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በጊዜ ምክንያት ነው።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጎን ለጎን የሚራመዱ አሥር ሰዎችን በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። በቀኝ ጫፍ ያሉት ጭቃ ውስጥ ገቡ፤ በግራ ያሉት ገና ደረቅ መሬት ላይ ናቸው። የቀኞቹ እርምጃ አጠረ፣ የግራዎቹ ግን እንደ ድሮው ነው። ማንም ማንንም ሳይጎትት መላው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጭቃው ይዞራል። ብርሃንም ሞገድ ስለሆነ ረድፍ አለው። በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ የረድፉ አንዱ ጫፍ ለፀሐይ ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል። ለግዙፍ አካል በቀረቡ ቁጥር ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው የቅርቡ ጫፍ ወደኋላ ይቀራል፣ ረድፉም ወደ ፀሐይ ይታጠፋል። እዚያው ጫፍ ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው ግን ብርሃኑ ያው እንደ ሁልጊዜው በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ያገኘዋል፤ የራሱም ሰዓት አብሮ ዘግይቷልና።

ከጊዜ መዘግየት ብቻ የሚመጣው መታጠፍ 0.87 ነው። ሌላው 0.87 የሚመጣው በፀሐይ ዙሪያ ያለው ቦታ ራሱ ስለጎበጠ ነው። ኳስም፣ ድንጋይም፣ መሬትም በቦታ ውስጥ የሚሄዱት ከብርሃን አንጻር እጅግ በዝግታ ነው፤ ስለዚህ የቦታው መጉበጥ አይነካቸውም ማለት ይቻላል፣ የሚሰማቸው የጊዜው ድርሻ ብቻ ነው። ብርሃን ግን ከሁለቱም እኩል ይደርሰዋል። እጥፍ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀያሹ፦

መምህር ስለ ጊዜ ያሉትን እኔ በሥራዬ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነኝ። መቀበያውን በሦስት እግሩ ላይ አቁሜ ከሳተላይቶች ምልክት ስጠብቅ የምጠብቀው በእርግጥ ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ሳተላይት የሚልከው "ይህን ስልክ ሰዓቴ ይህን ያህል ነበር" የሚል መልእክት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ ላይ ስበቱ ስለሚላላ ሰዓታቸው ከእኛ በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይፈጥናል፤ ፍጥነታቸው ደግሞ 7 ማይክሮ ሰከንድ ያዘገየዋል። የተጣራው 38 ማይክሮ ሰከንድ መፍጠን ነው። ይህ ባይታረም ካርታችን ላይ በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር እንሳሳት ነበር።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላርም፣ ቅር እንዳይልህ ወንድሜ። 45፣ 7 እና 38 ልክ ናቸው። የ11 ኪሎ ሜትሩ ነገር ግን ተደጋግሞ የሚጻፍ ጥድፊያ ነው። 38 ማይክሮ ሰከንድን በብርሃን ፍጥነት ስታባዛ 11 ኪሎ ሜትር ይወጣል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሁሉም ሳተላይት ሰዓት በእኩል መጠን ነው የሚፈጥነው። መቀበያህ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳተላይት የሚፈልገው ሦስቱን ለቦታ፣ አራተኛውን የራሱን ሰዓት ስሕተት ለማወቅ ነው። ለሁሉም የጋራ የሆነው ስሕተት በአብዛኛው በዚያ በአራተኛው ይዋጣል። ቦታህ በአንድ ቀን 11 ኪሎ ሜትር አይሸሽም። ሰዓት የማከፋፈሉ ሥራ ግን ወዲያው ይበላሽ ነበር፤ ጂፒኤስ ደግሞ የዓለም ሰዓትም ነው።

እንዲያውም እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ይበልጣል። በ1977 ኤንቲኤስ-2 የተባለች የሙከራ ሳተላይት የሲዚየም ሰዓት (እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት) ተሸክማ ስትላክ፣ ይህ ነገር በእርግጥ መኖሩን የተጠራጠሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ስለዚህ ማረሚያውን በሳተላይቷ ላይ ጫኑና ዘግተው ተዉት። ለ20 ቀናት ያህል ሳይታረም ተለካ። ሰዓቱ በቀን 38.2 ማይክሮ ሰከንድ ፈጠነ፤ ከአንስታይን ቲዮሪ የተሰላው 38.6 ነበር። ከዚያ በኋላ ማረሚያው ተከፈተ።

ቀያሹ፦

ልክ ነህ፣ ወይም ልክ ነሽ፤ ይቅርታ ማን እንደሆንሽ አላወቅኩም። አራተኛውን ሳተላይት ለምን እንደምንፈልግ ለጀማሪ ቀያሾች የማስረዳው እኔው ነኝ፤ ሁለቱን አገናኝቼ አስቤው ግን አላውቅም። ከእንግዲህ 11 ኪሎ ሜትሩን አልደግመውም።

ፀደይ_3፦

አንድ ነገር አልገባኝም፤ ምናልባት የቁጥር ሰው ስለሆንኩ ነው። እስቲ ጊዜ በአንድ ሜትር ከፍታ ስንት ይለያያል ብዬ ፈለግኩ። ከ10,000 ትሪሊዮን አንድ ያህል ነው! ቆሜ 80 ዓመት ብኖር ራሴ ከእግሬ የሚያረጀው በግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ከምንም የማይቆጠር ልዩነት እንዴት አድርጎ ከእጄ ያመለጠ ብርጭቆ ወለል ላይ ይፈጠፍጣል? ውጤቱ ከምክንያቱ በጣም በለጠብኝ።

መምህር_ዘ፦

ይህን የጠየቀኝ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። መጀመሪያ ልዩነቱ በእርግጥ መለካቱን ልንገርሽ። በ2010 በአሜሪካ ሁለት የአቶም ሰዓቶችን በ33 ሴንቲ ሜትር አበላልጠው አስቀምጠው የላይኛው ሲፈጥን አይተዋል። በ2022 ደግሞ በአንድ ሚሊ ሜትር ቁመት ውስጥ ያለውን ልዩነት ለክተዋል። አንድ ሚሊ ሜትር! ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን ወደ ታች ዝቅ አድርጌ አየሁት።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ምስጢሩ በጊዜ አቅጣጫ የምንጓዘው መንገድ በጣም ረጅም መሆኑ ነው። ሰከንድን ወደ ሜትር እንመንዝር ካልን ምንዛሪው የብርሃን ፍጥነት ነው፤ አንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። ኳስ ወደ ላይ ወርውሪና ከአንድ ሰከንድ በኋላ ያዢው። ከፍታው 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። በቦታ ብቻ ስታዪው ወጥቶ የተመለሰ ኳስ ነው። በጊዜና በቦታ ባንድ ላይ ስታዪው ግን 300,000 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና መሐሉ ላይ በ1.2 ሜትር ብቻ የተነሳ ቅስት ነው። ቀጥ ያለ መስመር እንጂ ቅስት አይመስልም እኮ! የዚህን ቅስት ራዲየስ ማወቅ ከፈለግሽ ርዝመቱን በራሱ አባዢና ለከፍታው ስምንት እጥፍ አካፍዪ። ወደ አንድ የብርሃን ዓመት የሚጠጋ ይወጣል።

ስለዚህ ምክንያቱም ትንሽ፣ ውጤቱም ትንሽ ነው። መሬት ጊዜን ያጎበጠችው እንዲህ በስሱ ነው። እኛ ግን በዚያ ላይ በየሰከንዱ 300,000 ኪሎ ሜትር እየገሰገስን ስለሆነ ስሱ ጉብጠት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብርጭቆ ለመስበር ይበቃል።

ጀማሪው፦

መምህር፣ ይሄ ለእኔ አዲስ ዓለም ነው። ግን ስበት ኃይል ካልሆነ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሚሰማኝ ክብደት ምንድን ነው? አንድ ነገር እየተጫነኝ መሆኑን አውቃለሁ።

ቀያሹ፦

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ፣ በእጅህ ባለ ነገር ይታያል። ስልክህ ውስጥ የፍጥነት ለውጥ የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አለ፤ ስክሪኑን ስታዞረው ምስሉ አብሮ የሚዞረው በእሱ ነው። የሴንሰሩን ቁጥር የሚያሳይ አፕ ጫንና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። ዝም ብሎ ተኝቶ እያለ 9.8 ያነብባል፤ ያውም ወደ ላይ። ከዚያ ፍራሽ ላይ ጣለውና የመዘገበውን ተመልከት። አየር ላይ በነበረበት ቅጽበት ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል።

የሚወድቀው ስልክ ምንም አልተሰማውም፤ የተኛው ነው የተገፋው። የምትወድቅ ከሆነ በጊዜና በቦታ ውስጥ ቀጥታ መንገድህን ይዘሃል። ስትቀመጥ ወንበሩ ከዚያ መንገድ ወደ ላይ እየገፋ ያስወጣሃል። ክብደት የምትለው የወንበሩን ግፊት ነው።

መምህር_ዘ፦

ከዚህ የተሻለ አላስረዳም ነበር። አንስታይን ራሱ በ1907 በርን ከተማ የፓተንት ቢሮ ሳለ "ከጣራ የሚወድቅ ሰው ክብደቱ አይሰማውም" የምትለዋ ሐሳብ መጥታለት፣ በኋላ በሕይወቱ ካሰባቸው ሁሉ ደስተኛዋ እሷ እንደሆነች ጽፏል። ከእሷ እስከ ሙሉው ቲዮሪ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

አንዴ ከተናገርኩ አይቀር አንድ ልጨምር። እስካሁን የተባለው ሁሉ መልስ ያለው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መልስ የሌለው ነው፤ እሱም ከዚሁ ከሰዓቱ ይነሳል።

በኳንተም ፊዚክስ አንድ ቅንጣት በሁለት መንገድ ባንዴ እንደሄደ ካልቆጠርን የማይገባን ውጤት ይሰጣል። ይህ የኤሌክትሮን ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2019 ቪየና ውስጥ 2,000 ገደማ አቶሞች ያሉትና ክብደቱ ከ25,000 የሃይድሮጅን አቶሞች የማያንስ ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሲደራረብ ታይቷል። አሁን አስቡት። ያ ሞለኪውል ትንሽም ቢሆን መጠነ ቁስ አለው፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለውን ጊዜ በጥቂቱ ያዘገያል። በሁለት ቦታ ባንዴ ካለ ጊዜ የሚዘገየው የትኛው ቦታ ላይ ነው? እዚህ? እዚያ? ወይስ ጊዜ ራሱ በሁለት ዓይነት ባንዴ ይሄዳል?

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ይህን ዓይነት ጥያቄ በ1957 አሜሪካ፣ ቻፕል ሂል ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንስቶታል። እስካሁን ማንም ለክቶ አልመለሰውም። ምክንያቱን በሁለት ቁጥር ላሳያችሁ። ስበቱ ከተለካላቸው ነገሮች ሁሉ እጅግ ትንሽ ከሚባሉት አንዱ በ2021 እዚያው ቪየና የተሞከረ የወርቅ እንክብል ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 90 ሚሊ ግራም ገደማ። በሁለት መንገድ ባንዴ ሄደ የተባለው ያ ሞለኪውል ደግሞ ከእንክብሉ በሁለት ቢሊዮን ቢሊዮን እጥፍ ያንሳል። ስበቱ እንዲለካ የከበደ፣ እንደ ኳንተም እንዲያድር ደግሞ የቀለለ ነገር በመሐላቸው መገኘት አለበት።

ጀማሪው፦

ታዲያ ተስፋ አለው?

ዝምተኛ_አንባቢ፦

አለው። በ2017 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ተመሳሳይ ሐሳብ አወጡ። ሁለት ጥቃቅን እንክብሎችን እያንዳንዳቸውን በሁለት ቦታ ባንዴ ማኖር፣ ከስበት በቀር ምንም እንዳያገናኛቸው ማድረግ፣ በመጨረሻም የኳንተም ጥልፍልፍ (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ ሊገለጽ የማይችልበት ትስስር) በመሐላቸው መፈጠሩን ማየት። ከተጠላለፉ ስበት ራሱ የኳንተም ጠባይ አለው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ ደግሞ ሌላ ያስባል፤ ነገሩ ከበድ ሲል ስበት ራሱ ሁለቱን ቦታ ወደ አንድ ያፈርሰዋል ይላል። የእኔ ልብ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ግን ልብ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ሙከራው ሲደረግ ለማየት ዕድሜ እንዲሰጠኝ እመኛለሁ።

መምህር_ዘ፦

እኔም እመኛለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስበትን በአንድ ሳምንት፣ ኳንተምን በሌላ ሳምንት ነበር የማስተምረው፤ ሁለቱ አንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የጠየቀኝ አልነበረም። ብጠየቅም አሁን ከጻፍሽው በላይ አልመልስም ነበር።

ፀደይ_3፦

ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ በመጀመሪያ ቀያሹ ያለውን ሞከርኩ። ስልኩን ከደረቴ ቁመት አልጋ ላይ ለቀቅኩት፤ በመስመሩ ላይ 9.8 ድንገት ወደ ዜሮ ወርዶ ለጥቂት እንደዚያው ቆየ፤ ፍራሹን ሲነካ ደግሞ እንደ እሾህ ተወርውሮ ወጣ። አምስት ጊዜ ጣልኩት። ያቺን አጭር ጠፍጣፋ መስመር እያሰፋሁ ሳያት አመሸሁ።

ከዚያ የመምህርን ኳስ ወረቀት ላይ ሠራሁት። አንድ ሰከንድ፣ 1.2 ሜትር፦ ወደ አንድ የብርሃን ዓመት። የማይመስል ነገር ስለሆነ በሁለት ሰከንድ ደገምኩት፤ ከፍታው 4.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 600,000 ኪሎ ሜትር። ያው ቁጥር። በሦስት ሰከንድ ከፍታው 11 ሜትር፣ ርዝመቱ 900,000። አሁንም ያው! በዝግታም ወረወርኩት በኃይል፣ የቅስቱ ራዲየስ አልነቃነቅ አለ። ኳሱን እየሠራሁ መስሎኝ የሠራሁት ለካ መሬትን ኖሯል። መምህር፣ ለጨረቃ ስሠራው ስድስት የብርሃን ዓመት ገደማ ወጣልኝ። ልክ ነኝ?

መምህር_ዘ፦

ልክ ነሽ። የጨረቃ ስበት የመሬት ስድስተኛ ስለሆነ ቅስቱ ስድስት እጥፍ ይለጠጣል። አሁን ደግሞ ለፀሐይ ገጽ ሥሪው፤ እዚያ ስበቱ የመሬትን 28 እጥፍ ነው።